ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት መወዳደር፤ ከባለ ርስቱ ዘመን እስከ ፓርቲው ዘመን

ስለ ምርጫ የተጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ መራጩ ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ድምፁን ሰጠ፣ ሣጥኑ እንዴት ተጠበቀ፣ ቆጠራው እንዴት ተካሄደ የሚሉት ጥያቄዎች በርግጥ ክብደት ያላቸው ናቸው። ነገር ግን መራጩ ከሣጥኑ ፊት ከመድረሱ አስቀድሞ የሚወሰን አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም በዕጩነት ሊቀርብ የሚችለው ማን ነው፣ ቢመረጥስ ምን ለማድረግ ሥልጣን ይኖረዋል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የምንሞክረው ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ የምንመረምረውም አብዛኞቻችን በምንኖርባትና ሙያችንን በምንሠራባት በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ለማኅበራችን አባላት የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የከተማን ፕላን የሚያጸድቀው፣ በጀት የሚመድበው፣ የመንገድና የውሃ ሥራ የቱ እንደሚቀድም የሚወስነው ምክር ቤት ነው፤ ወይም ምክር ቤቱ በስም ብቻ ሲኖር በምክር ቤቱ ስም የሚወስን ሌላ አካል ነው። ባለሙያው ያዘጋጀው ጥናት ከመሳቢያ የማይወጣበት ወይም ተሸራርፎ የሚወጣበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይሆንም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር።

ሀ. ሹመት እንጂ ምርጫ ያልነበረበት ጊዜ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ራስ እገሌ ሰፈር፣ ደጃዝማች እገሌ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው አካባቢ ሁሉ በሰፈሩ ጌታ ሥር የሚተዳደር ስለ ነበር፣ ነዋሪው ጉዳዩን የሚያቀርበው ለዚያው ጌታ እንጂ ለከተማ አስተዳደር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የከተማ መሬት ደንብ በግል ይዞታ ላይ የተመሠረተ የባለቤትነት መብት ዕውቅና ሲሰጥ፣ የከተማዋ ነዋሪ ባለ ርስትና ጭሰኛ፣ ባለ ቤትና ተከራይ ሆኖ በሕግ ፊት መለየት ጀመረ። ይህ ልዩነት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የምርጫ መብት ድንበር ሆኖ ተመልሶ እንደሚመጣ በወቅቱ ያሰበ የነበረ አይመስልም።

«ከንቲባ» የሚለው የማዕረግ ስም ከጎንደር የተወረሰ ነው። በጎንደር ዘመን የከተማይቱን አስተዳዳሪ የሚያመለክት ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣም ይህንኑ ትርጉሙን እንደ ያዘ መጣ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም በዘመኑ በታወቁ ሰዎች ተመርቷል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዲሬክተርነት ሠርተውበታል፤ በኋላ በኦጋዴን ግንባር የጦር መሪ የሆኑት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በከንቲባነት አስተዳድረውታል። እነዚህ ሰዎች ችሎታ ያላቸው መሆናቸው የሚካድ አይደለም። ሆኖም ሥልጣናቸው ከላይ የመጣ ስለ ነበር፣ ተጠሪነታቸውም ወደ ላይ ብቻ ነበር። ነዋሪው ሊያመሰግናቸው ወይም ሊያማቸው ይችል ይሆናል እንጂ ሊሽራቸው አይችልም ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከንቲባ እንዲሾም ሲደነግግ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ደግሞ ከሹማምንቱ ጐን የነዋሪዎች ወኪሎች የሚቀመጡበትን ምክር ቤት አሰበ። ሐሳቡ አዲስ ነበር። ከተማ የሚተዳደረው በሹም ብቻ ሳይሆን በሚኖሩበትም ሰዎች ምክር ጭምር መሆን አለበት የሚለው መርሕ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። ይሁንና «ነዋሪ» ሲባል ሁሉም ማለት አልነበረም።

ለ. የባለ ርስቶች ምክር ቤት

እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር አገኘች። በዚህ ቻርተር መሠረት የከተማው ምክር ቤት 28 አባላት ነበሩት። ከተማዋ በ10 ወረዳዎች ተከፍላ እያንዳንዱ ወረዳ 2 ተመራጮችን ይልካል፤ ይህም 20 ይሆናል። የቀሩት 8ቱ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የሚወከሉ ናቸው። ከንቲባውን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከቁጥሩ እንደሚታየው ተመራጮቹ ከተወካዮቹ በእጅጉ ይበልጣሉ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ የከተማይቱ ድምፅ ከመንግሥቱ ድምፅ ከፍ ያለ ይመስላል።

የጉዳዩ ቍልፍ ያለው ግን መራጩ ማን ነው ከሚለው ላይ ነው። የመምረጥ መብት የተሰጠው በከተማይቱ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ኢትዮጵያውያን ነበር። በሌላ አነጋገር ቤት ወይም መሬት የሌለው ሰው በአዲስ አበባ ቢወለድም፣ ቢሠራም፣ ግብር ቢከፍልም ስለ አዲስ አበባ አስተዳደር ድምፅ አልነበረውም። የከተማው መሬት በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ የተከማቸ ስለ ነበርና አብዛኛው ነዋሪ በኪራይ ቤት ወይም በተከራየው መሬት ላይ በሠራው ጎጆ የሚኖር በመሆኑ፣ በዚህ ሕግ ከደጅ የቀረው ብዙኃኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 440,000 ያህል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሊሳተፍ የሚችለው ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር አንባቢው ሊገምተው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምርጫ ለወንዱም ለሴቱም የመምረጥ መብት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቤት የሌላት የአዲስ አበባ ሴት ስለ አገሪቱ ሕግ የሚመክረውን እንደራሴ ልትመርጥ ትችል ነበር፤ ከደጇ ስለሚያልፈው የውሃ ቧንቧ የሚወስነውን የወረዳዋን ተመራጭ ግን መምረጥ አትችልም ነበር። ከአገር ይልቅ የከተማው በር ጠብቦ ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። የከተማው ምክር ቤት የሚመክረው ስለ መሬት፣ ስለ ቤት ግብር፣ ስለ ኪራይና ስለ መንገድ ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ የባለ ርስቱን ጥቅም በቀጥታ የሚነኩ ናቸው።

ለምክር ቤቱ የሚወዳደረው ሰውም ከዚሁ ክበብ የሚወጣ ነበር። ዘመቻ ማለት የአደባባይ ስብሰባና የተለጠፈ ሥዕል አልነበረም፤ የሰፈር ሽማግሌዎችን መጐብኘት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰላምታ መለዋወጥ፣ በዕድር መታወቅ ነበር። ዕድሮች በዚያ ዘመን ከቀብር ሥራ አልፈው መንገድ በማሠራትና ውሃ በማስገባት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሲተባበሩ ታይተዋል። ድምፅ ያልተሰጠው ተከራይ ጉዳዩን ለማሰማት የቀረለት መንገድ ይኸው ዕድሩ ነበር።

የተመረጠውስ ሰው ምን ማድረግ ይችል ነበር? ከንቲባው በሹመት የሚመጣ ሲሆን ዋና ዋናዎቹ ውሳኔዎች የበላይ ፈቃድ የሚጠይቁ ነበሩ። በዚያው ዘመን ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የከተማውን መሪ ፕላን እንዲያዘጋጁ የተጋበዙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው ታላቁ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የከተማይቱን ክብር ከፍ አድርጎ አሳየ። ሕንፃው ሰፊ ሲሆን በውስጡ የሚሰማው ድምፅ ግን ጥቂት ነበር።

ሐ. የቀበሌው ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የዚህ አዋጅ ዝና በቤቶቹ ነው፤ ለምርጫ ታሪክ ያለው ትርጉም ግን ከዚያ ያነሰ አይደለም። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች የሚተዳደሩት አዋጁ ባቋቋማቸው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ ቀበሌ በምንላቸው ሆነ። ትናንት ድምፅ ያልነበረው ተከራይ ዛሬ ስለ ሚኖርበት ቤት የሚወስነውን የማኅበር መሪ የሚመርጥ ሆነ። ባንጻሩ ደግሞ አዋጁ የቀድሞዎቹን ባለ ርስቶችና ባለ ትርፍ ቤቶች ለአንድ ዓመት ከመምረጥና ከመመረጥ አገዳቸው።

አንባቢ ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1954 ቤት የሌለው እንዳይመርጥ ተከለከለ፤ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት የነበረው እንዳይመርጥ ተከለከለ። የፍትሕ ሚዛኑ ወደ ብዙኃኑ ማዘንበሉ አያጠራጥርም። መለኪያው ግን አሁንም ያው ቤት ነበር። ሁለቱም ሕጎች ዜጋውን ያዩት በንብረቱ በኩል ነው፤ አንደኛው በመኖሩ፣ ሁለተኛው በነበረው።

በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን በሦስት እርከን አደራጀ፤ ቀበሌ፣ ከፍተኛና ማዕከላዊ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎችና በሦስት መቶ ገደማ ቀበሌዎች ተከፈለች። ቀበሌው የመጀመሪያው የምርጫ ደረጃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት የሚመረጡት በተመራጮች ነበር። በዚህ አሠራር የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለሙ አበበ እ.ኤ.አ. በ1977 ከንቲባ ሆነው እስከ 1985 ሠሩ። በንጉሠ ነገሥት ሹመት ሳይሆን በማኅበራት ጉባኤ ምርጫ ከንቲባ መሰየሙ በከተማይቱ ታሪክ አዲስ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ለቀበሌ አመራር መወዳደር በእነዚያ ዓመታት ቀላል ነገር አልነበረም። አዋጁ ለቀበሌ የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ስለ ሰጠው፣ ሊቀ መንበርነት ስለ ስኳርና ስለ ዘይት ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ነጻነትና ሕይወትም የሚወስን ሥልጣን ሆነ። ኢሕአፓና መኢሶን ቀበሌን ለመቈጣጠር ተሻሙ፤ ብዙ የቀበሌ ሹማምንት በጥይት ወደቁ፤ ቀበሌዎችም በተራቸው በቀይ ሽብር ብዙ ወጣቶችን አሰሩ፣ ገደሉም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ ሐቀኛ ሰው በጠቅላላ ስብሰባ ስሙ ሲጠቈም ሊቀበል ወይም ሊሸሽ ቢያመነታ የሚፈረድበት አይደለም። በሩ ለተከራዩ ተከፍቶ ሳለ ከደጁ የቆመው ፍርሃት ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት የጥይቱ ድምፅ ቢረግብም፣ ዕጩው በድርጅት ዓይን ተመዝኖ የሚቀርብ ሆኖ ቀጠለ።

ከዚህ ዘመን የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። ቀበሌ በሰፈር ደረጃ የተመሠረተ በመሆኑ ሰው ጎረቤቱን የሚመርጥበት፣ ተመራጩም ከመራጩ የማይሸሸግበት ነበር። ይህ ቅርበት በሰላም ጊዜ ትልቅ የአስተዳደር ሀብት ነው፤ በፍርሃት ጊዜ ግን እጅግ አስፈሪው መሣሪያ ይሆናል፤ ምክንያቱም የማይታወቅ ቤት የለም።

መ. የፓርቲው ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ በመጀመሪያ ክልል 14 ተብላ ተዋቀረች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በዚያው አንቀጽ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት መሆኑንም ጨመረ። ሙሉ ሥልጣንና ተጠሪነት በአንድ አንቀጽ መቀመጣቸው ብዙ ሊያከራክር የሚችል ነገር ነው፤ ክርክሩም ብዙ ሳይቈይ በተግባር መጣ።

የ1989 ዓ.ም. ቻርተር በ1995 ዓ.ም. ሲሻሻል ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞችና በ99 ቀበሌዎች ተዋቀረች። በአቶ አርከበ ዕቁባይ የሚመራው ጊዜያዊ አስተዳደር መንገድ ሠራ፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ፕሮግራም ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ450,000 በላይ ነበር። ቤት እንደገና የከተማይቱ ፖለቲካ ማዕከል ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደ መምረጫ መለኪያ ሳይሆን እንደ ተስፋ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ በአዲስ አበባ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። ንብረት ወይም የመደብ ምንጭ ሳይጠየቅ፣ ነዋሪው በምሥጢር ድምፅ፣ በብዙ ተፎካካሪዎች መካከል የከተማውን ምክር ቤት መረጠ። ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ። የተሠራው መንገድና የተጀመረው ቤት ገዢውን ፓርቲ አላዳነውም፤ መራጩ መንገዱን ተቀብሎ ድምፁን ለሌላ ሰጠ። በከንቲባነት የተመረጡት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። በሙያ ማኅበር መድረክ የተካሄደ ክርክር ወደ ማዘጋጃ ቤት በር ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ነገር ግን ከበሩ አልተገባም። የአገር አቀፉ ውጤት አከራካሪ ሆኖ፣ ቅንጅት ምክር ቤት የመግባትና ያለመግባት ጥያቄ ላይ ተጠምዶ ሳለ፣ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሣ፤ ከጥቅምት 1998 ዓ.ም. ጀምሮም መሪዎቹ ታሰሩ። ከተማይቱን እንዲያስተዳድር በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለ አደራ አስተዳደር በ1998 ዓ.ም. ተሰየመ። የታሰሩት በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ሲፈቱ የመረጣቸው ሕዝብ ሦስተኛውን ዓመት ያለ ተመራጭ ምክር ቤት ሊጀምር ነበር። በዚህ ጉዳይ አንዱን ወገን ብቻ መውቀስ ለፖለቲከኛ ይቀልላል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን የሚጐላው ውጤቱ ነው። ነዋሪው በትክክል መረጠ፤ የመረጠውን ግን አላገኘም።

ቀጥሎ የመጣው የሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሌላ ዓይነት በር ይዞ መጣ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቍጥር በአንድ ቀበሌ እስከ 300 ከፍ ተደረገ፤ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው መቀመጫ ወደ 3.6 ሚሊዮን ደረሰ። ብዙ መቀመጫ ማለት ብዙ ተሳትፎ ማለት ነው የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል፤ በመርሕ ደረጃም ስሕተት አይደለም። በተግባር ግን ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው በየሰፈሩ የተዘረጋ ድርጅት ያለው ገዢው ፓርቲ ብቻ ነበር። ኅብረትን ጨምሮ አንዳንድ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ወጡ፤ ኢሕአዴግ የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ያዘ፤ አቶ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ። ማንም ሰው እንዳይወዳደር በሕግ አልተከለከለም፤ የከለከለው ቍጥሩ ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች ራሳቸውን ከምርጫው አገለሉ፤ አቶ ድሪባ ኩማ ከንቲባ ሆኑ።

የዚያ ምክር ቤት ዘመን ሲያበቃ ምርጫው ሳይካሄድ ቀረ። በ2010 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ዕድሜ ሲራዘም ቻርተሩ ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሊሆን እንዲችል ተደረገ፤ በዚህም ኢንጂነር ታከለ ኡማ፣ በኋላም ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ለነዋሪው ምርጫ ሳይቀርቡ በምክትል ከንቲባነት ከተማይቱን መሩ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫው ሲካሄድ ብልጽግና ፓርቲ አሸነፈ፤ ወይዘሮ አዳነች በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአዲሱ ምክር ቤት ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ከዚህ ምርጫ ለሕግ ታሪክ የሚተርፈው የዕጩነት ጥያቄ ነው። የባልደራስ ፓርቲ አባላት የሆኑ እስረኞች በዕጩነት ሊመዘገቡ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ክርክር እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደርሶ፣ ችሎቱ እንዲመዘገቡ ወሰነ፤ ምርጫ ቦርድም መዘገባቸው። ማን ሊወዳደር ይችላል የሚለው ጥያቄ በአዋጅ ወይም በኃይል ሳይሆን በችሎት ክርክር ሲወሰን ማየት በከተማችን ታሪክ የተለመደ አልነበረም።

ሠ. ማጠቃለያ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች

ከላይ የተመለከትነውን ታሪክ በሦስት ጥያቄዎች ማጠቃለል ይቻላል። ማን ይመርጣል? ማን ሊመረጥ ይችላል? የተመረጠውስ ምን ማድረግ ይችላል?

በ1954ቱ ቻርተር ዘመን የመጀመሪያው ጥያቄ የጠበበ መልስ ነበረው፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። በቀበሌው ዘመን መራጩ ሰፋ፣ የተመራጩም ሥልጣን ከመጠን በላይ ሰፋ፤ በዕጩነት የሚቀርበው ሰው ግን በፍርሃትና በድርጅት ፈቃድ ተከበበ። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች ሰፊ መልስ ሲያገኙ ሦስተኛው ያለ መልስ ቀረ። ከዚያ በኋላ መራጩ በሕግ ሰፊ እንደ ሆነ ሲቀጥል፣ ዕጩው በቍጥርና በድርጅት አቅም ጠበበ። ሦስቱ በሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው የታዩበትን ዘመን የአዲስ አበባ ታሪክ ገና አላስመዘገበም። ይህን የምንለው ለመማረር አይደለም፤ ወደ ፊት የሚወጣን የምርጫ ሕግ የምንመዝንበትን መለኪያ ለማስቀመጥ ነው። አንድ ሕግ መራጩን አሰፋሁ ቢል ስለ ዕጩው እንጠይቀው፤ ዕጩውን አሰፋሁ ቢል ስለ ተመራጩ ሥልጣን እንጠይቀው።

ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚቀረው ጥያቄ የራሳቸው ነው። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ባለሙያው ከከተማው አስተዳደር ጋር የተገናኘው በአብዛኛው በአማካሪነትና በተቀጣሪነት ነው። ፕላን አዘጋጅቷል፤ መንገድ ቀይሷል፤ ሪፖርት ጽፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለሹሙ ትቶ ወጥቷል። ይህ ከጥንቃቄ የመጣ ልማድ ነው፤ ከላይ ያየነው ታሪክም ጥንቃቄው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሆኖም ልማዱ ዋጋ ያስከፍላል። የፍሳሽ መስመር ከመንገዱ በፊት መቀበር እንዳለበት፣ ሰፈር ሲፈርስ ዕድሩም አብሮ እንደሚፈርስ፣ በጀት የሌለው ፕላን ሥዕል ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከምክር ቤቱ ወንበር ላይ ከሌለ፣ እነዚህን ነገሮች በክርክሩ ሰዓት የሚያነሣቸው አይኖርም። ኋላ በሪፖርት ቢነሡም ውሳኔው አልፏል።

ባለሙያ ሁሉ ፖለቲከኛ ይሁን አንልም። ሙያ የራሱ ክብርና የራሱ ገለልተኛነት አለው፤ ማኅበራችንም እንደ ማኅበር የማንም ፓርቲ ደጋፊ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን አባላቱ እንደ ዜጋ የወረዳቸውን ምክር ቤት ስብሰባ ቢከታተሉ፣ የዕጩዎችን ክርክር በሙያ ጥያቄ ቢፈትኑ፣ ፈቃዱና ድፍረቱ ያላቸውም ለመወዳደር ቢነሡ፣ ማኅበሩ ሊያኮራቸው እንጂ ሊያሳፍራቸው አይገባም። ለዚህም የሚረዳ አንድ ቀላል ሥራ አለ፤ ምርጫ በመጣ ቍጥር ስለ ውሃ፣ ስለ ቤት፣ ስለ መንገድና ስለ ፍሳሽ የተጠና አጭር የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅቶ ለሁሉም ዕጩዎች እኩል ማቅረብና መልሳቸውን ለነዋሪው ማሳወቅ። ይህን ለማድረግ ንብረትም፣ የመደብ ምንጭም፣ የፓርቲ አባልነትም አያስፈልግም።